ሩቅ የሚያበራ ባትሪ በመያዜ ለተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የግዢና ንብረት አስተዳደር መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተጻፈልኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ዓይንዎም እንደ ፊርማዎ የጎላ ይሆንልዎ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። የእኔን ደህንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ደህና ነኝ። ደህና የሆንኩበት መንገድ ግን ከመመሪያ ውጭ ሆኖ ስለተገኘ፣ “በመዝገብ ያልሰፈረና በመምሪያው ያልጸደቀ የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ውሃ ዋሻው በመግባት” የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። ከዚህ ቀደም በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች፣ እንደ ሰማሁት፣ አቧራ ሳይነካቸው በክብር ተቀምጠዋልና፣ ይህችን አራተኛይቱን ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ በግልጽ መጻፌን በትሕትና እገልጻለሁ።

ምናልባት የማያውቁኝ እንደሆነ፣ ከግድቡ ወደ ማጣሪያው ውሃ የሚያደርሰው ዋሻ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በዓመት ሁለት ጊዜ ውሃው ለአራት ቀን ይዘጋል። ያን ጊዜ እኛ ተቆጣጣሪዎች የጎማ ጫማ አጥልቀን፣ ቆብ ደፍተን፣ ጣሪያውን እያየን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግር እንሄዳለን። ሥራችን ቀና ብሎ ማየት ነው። ለዚህ ደግሞ ከዓይን ቀጥሎ የሚያስፈልገን ባትሪ ነው። ቁጥር የሌለው ነገር እንደማይወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ የባልደረባዬን አሮጌ ባትሪ ስለሰበሰቡልን አመሰግናለሁ።

ይህን ባልደረባዬን እርስዎ በመዝገብ ስሙ ያውቁት ይሆናል፤ እኛ ግን ከኪሱ ጠመኔ ተለይቶት ስለማያውቅ “ጠመኔ” እንለው ነበር። ዋሻው ውስጥ ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፉ አስምሮ ቀኑን ይጽፍበታል። በስድስት ወሩ ተመልሶ ስንጥቁ መስመሩን አልፎ ካገኘው፣ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደሚያወራ ሰው “ይኼ ደግሞ መቼ አደገ?” ይላል።

ባትሪው ክንድ የሚያህል የአሉሚኒየም ቀፎ ያለው ነበር። ሲገዛው አምፖል ነበረው። አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ወዳጁ ጭንቅላቱን ፈትቶ አምፖሉን በኤልኢዲ ተካለት። ከዓመታት በኋላ የተሻለ ኤልኢዲ ሲመጣ ያንኑ ጭንቅላት ፈትቶ አዲሱን ገጠመበት። ቀጥሎ ድንጋዩን ቻርጅ በሚደረግ ድንጋይ ለወጠ፤ ከዚያም ኃይሉን የሚመጥነውን ሰርኪት። ቀፎውና ብርሃኑን የሚሰበስበው ጎድጓዳ መስታወት ግን እንደ ጥንቱ ነበሩ። “ባትሪ እንደ ቤት ነው፤ መሠረቱ ደህና ከሆነ ክፍሉን ቀስ እያልክ ታሻሽለዋለህ” ይል ነበር። በሁለት መቶ ሜትር ላይ ከጣሪያ ልትወድቅ የተንጠለጠለች ጠብታ ያሳይ ነበር ስል አላጋነንኩም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከንብረት ክፍል ሁለት ሰዎች መጥተው፣ የመዝገብ ቁጥር የሌለው መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው ብለው በደረሰኝ ወሰዱት። ደረሰኙ “አሮጌ ባትሪ፣ አንድ” ይላል። ጠመኔ አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። “መቁጠሩንስ ያውቁበታል” አለ።

2ኛ፦ ምትክ ባትሪ ሲመረጥ እኛንም ስላማከሩን አመሰግናለሁ፤ ማማከርና መስማት የተለያዩ መሆናቸውን የተማርኩት በዚያ ነው።

የምንፈልገውን እንድንጽፍ ጠይቀውን ነበር። ጠመኔና እኔ ሁለት ምሳ ሰዓት ሠውተን ጻፍን። ብርሃኑ ጠባብና ሩቅ የሚሄድ ይሁን፤ ጭንቅላቱ በብሎን ጥርስ የሚፈታ ይሁንና ነገ የተሻለ ኤልኢዲ ሲመጣ ያው ቀፎ ይቀበለው፤ ድንጋዩም የትም የሚገኘው ክብ ዓይነት ሆኖ በእጅ የሚወጣ ይሁን አልን። ምክንያቱንም አስረዳን። ውሃው ሲዘጋ ዋሻው በጉም ይሞላል። ሰፊ ብርሃን ጉም ላይ ሲበተን ነጭ መጋረጃ ሆኖ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ጠባቡ ግን ወግቶት ያልፋል። መሥሪያ ቤታችን የውሃ ነውና በውሃ ላስረዳ፦ አንድ ባልዲ ውሃ ቢደፉት እግርዎን ያርሳል እንጂ አጥር አያልፍም፤ ያንኑ በጠባብ ቱቦ ቢገፉት የጎረቤት ጣሪያ ይደርሳል። ሻጮች ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉት የባልዲውን መጠን ነው።

ከመምሪያው የመጣልን መልስ እንዲህ ይላል፦ “ወደፊት ሊሻሻል የሚችል ዕቃ ማለት አሁን ያልተሟላ ዕቃ ማለት ስለሆነ፣ መምሪያው ያልተሟላ ዕቃ አይገዛም።” ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በዚህ ሚዛን ሰውም ባልተቀጠረ ነበር።

ፈተናው የተካሄደው በስብሰባ አዳራሹ ነው። መጋረጃው ተዘጋ፤ አምስት ባትሪዎች በየተራ ግድግዳ ላይ በሩ። ግድግዳው ከእኛ ስምንት እርምጃ ይርቃል። እኛ ያመጣነው ባትሪ የሳንቲም ያህል ነጥብ ሠራ። አሸናፊው አዳራሹን እንደ ሰርግ ቤት አደመቀው። ያን ጊዜ እርስዎ በደስታ “ይኼኛው እኮ ሁላችሁንም ነው የሚያሳየኝ!” አሉ። ጠመኔ ተነሣ። “ጌታዬ፣ እኛ እዚያ የምንገባው እርስ በርስ ልንተያይ አይደለም” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። በቃለ ጉባዔው ላይ ግን ቀልድ አይጻፍምና ከእኛ ባትሪ ትይዩ የሰፈረው “ብርሃኑ ጠባብ ነው” የሚል ብቻ ነው።

3ኛ፦ ድንጋዩ የማይወጣ ባትሪ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። በስምንት ወሩ ድንጋዩ ደከመ፤ ለመቀየር ስንነሣ፣ የፈታው ሰው ዋስትናውን ያፈርሳልና እንዳይነካ የሚል ሰርኩላር ደረሰን። ክቡር ሆይ፣ ለእኛ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ድንጋይ መኖሩን ቢያውቅ መልካም ነበር፤ አንዱ ከባትሪ ውስጥ መውጣት ያለበት፣ ሌላው ከጣሪያ ላይ መውረድ የሌለበት። እርስዎ የፊተኛውን አሽገው የኋለኛውን ለቀቁብን።

4ኛ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ብል ይታገሱኝ።

የዛሬ ሰባት ወር ገደማ፣ ውሃው በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከመግቢያው በር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገብተን፣ ጠመኔና እኔ ብቻችንን ነበርን፤ ሌሎቹ የጀመሩት ከወዲያኛው ጫፍ ነው። ጉሙ ወፍራም ነበር። ባትሪዎቻችንን ስናበራ የየራሳችንን ጫማና ከፊታችን ነጭ ግድግዳ አየን። ካለፈው ዙር የታወቀ አንድ ስንጥቅ እዚያ አካባቢ ጣሪያው ላይ አለ፤ አድጎ እንደሆነ ማየት ነበረብን። በአሮጌው ባትሪ ቢሆን ሩቅ ቆመን፣ እሱ ብርሃኑን ጣሪያው ላይ እየጎተተ፣ እኔ እየጻፍኩ፣ በአምስት ደቂቃ እንጨርሰው ነበር።

“ምንም አይታየኝም” አልኩት።

“ለእኔም። ቆይ፣ ልጠጋና ልየው። አንተ እዚሁ ሁን።”

“ተው እባክህ፣ እንመለስና እንጻፍላቸው።”

“ምን ብለን? ‘ጉም ነበር’ ብለን? እሱንማ ጽፈን ነበር።” ቆቡን አስተካከለና፣ “ሳናየው ውሃው ቢለቀቅና ቢናድ፣ ከተማው በጥም ሲያልቅ እኛ ነን የምንጠየቀው” አለ። ሄደ።

እርምጃውን እሰማ ነበር፤ ሰውየውን ጉሙ ዋጠው። “ስንጥቁ ውሃ ያንጠባጥባል” ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ፣ “ኧረ ይኼስ አድጓል” አለ። ብርሃኑ ጉሙ ውስጥ ሲወዛወዝ አየሁ፤ ጠመኔውን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከትቶ መሆን አለበት። ከዚያ ጣሪያው ወረደ። ድምፁ ሰው እንደሚያወራው ነጎድጓድ አይደለም። አንድ ትልቅ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ እንደሚሰማው ነው።

ቋጥኙ ከወገቡ በታች ነው የያዘው። ብቻዬን ላነሣው ሞከርኩ፤ አልነቃነቅም አለ። በሩ ላይ ያሉትን በሬዲዮ ጠራሁ፤ እስኪደርሱ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ባቆረው ውሃ ውስጥ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ያወራ ነበር። ስንጥቁ ወደ ግራ እንደዞረ ለሌሎቹ እንድነግር አዘዘኝ፤ ደገምኩለት። ብርድ በረደኝ አለ፤ ጃኬቴን አለበስኩት። በሃያኛው ደቂቃ ላይ እርስዎ የመረጡልን ባትሪ ጋለና፣ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ብርሃኑን በገዛ ፈቃዱ ዝቅ አደረገ። ሳጥኑ ላይ “የደህንነት ጥበቃ አለው” የሚለው ይህንኑ ነው።

ጠመኔ ዓይኑን ገለጠ። “መብራቱን አጠፋኸው እንዴ?” አለኝ።

“አላጠፋሁም። በርቷል” አልኩት።

“እህ” አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። የደከመው ባትሪው ይሁን የእሱ ዓይን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። ሰዎቹ ቃሬዛ ይዘው ሲደርሱ፣ “ቀስ በሉ፣ እንዳያመው” አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አይተውት ቆባቸውን አወለቁ፤ እኔ ግን “ቀስ በሉ” ማለቴን ቀጥያለሁ አሉ።

ለዚህኛው ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ስላላወቅኩ ቁጥሩን ብቻ አስፍሬ አልፌዋለሁ።

5ኛ፦ አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ደክሞ “ሟች ከተደነገገው ስድሳ ሜትር አስተማማኝ ርቀት አልፎ በመጠጋቱ፣ በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት” ሲል ደመደመ። እውነት ነው፤ ተጠግቷል። የስድሳ ሜትሩን ደንብ የጻፈ መሥሪያ ቤት ጉም ውስጥ ሃያ ሜትር የማያልፍ ባትሪ ሲገዛ፣ ተቆጣጣሪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ቆሞ አለማየት ወይም ተጠግቶ መሞት። ይህን ለኮሚቴው ሰብሳቢ በቃልም በጽሑፍም አስረዳሁ። “የሰጠነው ባትሪ ብልሽት ነበረበት?” ብለው ጠየቁኝ። “የለበትም” አልኩ። “እንግዲያውስ” አሉና ብዕራቸውን ከደኑ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ቢሮ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አልነገረንም።

ኮሚቴው በተጨማሪ በእጅ ባትሪ አጠቃቀም ላይ ሥልጠና እንዲሰጠን አሳስቦ ነበር። ተሰጠን። ለሁለት ሰዓት ተቀምጠን የማብሪያው ቁልፍ የት እንደሆነ ተማርን።

6ኛ፦ የጠመኔ ባለቤት ከባሏ ዕቃ ያንን አሮጌ ባትሪ ብቻ ፈለገች። “ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶት ሲፈታና ሲገጥም እጁን ነበር የማየው፤ ቤቴ ይሁንልኝ” አለችኝ። ደረሰኙን ይዤ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ባትሪው መደርደሪያ ላይ በሰላም ተቀምጧል። ነገር ግን የተወሰደው ቁጥር ስላልነበረው ነው፤ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ቁጥር ወጥቶለታል፤ ቁጥር የወጣለት ንብረት የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ለግለሰብ አይሰጥም። ይህን ያስረዳኝ የክፍሉ ሠራተኛ ራሱ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ለእሷ የምነግርበት አፍ አጥቼ ሁለት ቀን ዞርኩ። ስነግራት አላለቀሰችም። “ለእሱም የሞተ ዕለት ቁጥር አውጥተውለታል” አለች፤ የሬሳ ክፍሉን ወረቀት ማለቷ ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ወዳሰጠኝ ጥፋት ልምጣ።

የቀረነው ስድስት ተቆጣጣሪዎች ተሰብስበን፣ ዓይን ሳንይዝ ዳግመኛ ላንገባ ተስማማን። ባትሪ ፍለጋ ከተማውን ዞርን። አንዱ ሻጭ የሚያምር ባትሪ አቀረበልን፤ ጭንቅላቱ ይፈታል ወይ ብንለው፣ “ለምን ትፈቱታላችሁ? ሲበላሽ ትጥሉታላችሁ” አለ። ያ ሰው ሥራ ቢፈልግ መምሪያዎን እንዳይረሱት። በመጨረሻ ወደ ጠመኔ ወዳጅ፣ ወደ ራዲዮ ጠጋኙ ሄድን። መሞቱን አልሰማም ነበር። ስንነግረው የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ፤ ብዙ ቆይቶ ወጣ። ከዚያ ስድስት ቀፎ መረጠልን፤ እያንዳንዱን በጣቱ እየፈታ፣ ጥርሱን እያየ፣ የመስታወቱን ጥልቀትና ስፋት እየለካ። ኤልኢዲዎቹን በየራሳቸው የመዳብ ሳህን ላይ አስቀመጠ። “የተሻለ ሲመጣ አምጡልኝ፤ ሳህኗን ብቻ ነው የማወጣት። የቀረው ዕድሜ ልካችሁን ያገለግላችኋል” አለ። ‘ዕድሜ ልካችሁን’ ካለ በኋላ ደንገጥ ብሎ አየን።

እኛ ስንፈትን መጋረጃ አልዘጋንም። በመግቢያው ዋሻ ቆመን መቶ ሰማንያ ሜትር ላይ ግድግዳው ላይ የተቸነከረችውን የርቀት ቁጥር አነበብናት፤ ስድስታችንም በየተራ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ውሃው ሲዘጋ፣ መምሪያው ያደለንን ባትሪ በኪሳችን፣ የራሳችንን በእጃችን ይዘን ገባን። አራተኛውን ኪሎ ሜትር ካለፍን በኋላ ጉሙን እየወጋሁ ጣሪያውን ስቃኝ፣ መቶ አርባ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አንድ መኪና የሚያህል ቋጥኝ ከጣሪያው ተለይቶ ተንጠልጥሎ፣ ከበላዩም ጥቁር ክፍተት አየሁ። ከእኔ ጋር የነበረው ባልደረባዬ ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ። አንድ እርምጃ አልተራመድንም። የዋሻው ጥገና ሠራተኞች በማግስቱ በረጅም ብረት ከሩቅ ሲነኩት ወረደ፤ መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ውሃው በጊዜው ተለቀቀ። ከተማው ጠጣ፤ እርስዎም ጠጡ። ስድስታችንም ወጥተን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጫማችንን አወለቅን።

ሪፖርቴ ላይ ቋጥኙን ከመቶ አርባ ሜትር ማየቴን ስለጻፍኩ፣ መምሪያዎ በትጋት አስልቶ፣ በተሰጠን ባትሪ ይህን ያህል ማየት እንደማይቻል ደረሰበት። ጥፋቴ የታወቀው በዚህ ነው። በመምሪያው ታሪክ የባትሪያችሁን ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ለመለካት ምክንያት በመሆኔ ኩራት ይሰማኛል።

ማስጠንቀቂያው እንዲሰረዝልኝ አልጠይቅም። በማኅደሬ ይቀመጥ፤ በሕይወት ለመቆየቴ ከዚያ የተሻለ የጽሑፍ ማስረጃ የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከአጣሪው ሪፖርት ገጽ ሰባት ላይ “በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት” የሚሉት ሦስት ቃላት ይውጡልኝ። እንደሚያውቁት የሞተ ሰው ይግባኝ አይልም። የሚጠነቀቅ ሰው ባይሆን ኖሮ ሳያየው “ደህና ነው” ብሎ ጽፎ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባ ነበር፤ እርስዎም ምንም ሳያውቁ የዋሻው ናዳ ተጠያቂ ይሆኑ ነበር።

በደብዳቤዬ ርዝመት ላደከምኩት ክቡር ዓይንዎ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ በሚቀጥለው የውሃ መዘጋት ወደ ዋሻው ጎራ ብለው ግርማ ሞገስዎን ቢያሳዩን ስድስታችንም ከፊት እንዲሄዱልን በደስታ መንገድ የምንለቅልዎ መሆናችንን በማረጋገጥ፣ ምንጊዜም ቀና ብዬ የማይዎት፣

የማስጠንቀቂያዎ ባለቤት፣
የውሃ ዋሻው ተቆጣጣሪ

ግልባጭ፦
ለጠመኔ ባለቤት
ለአምስቱ ባልደረቦቼ
ለአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ብዕራቸውን ሲከፍቱ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ፣ በሟቹ ክፍት የሥራ መደብ ላይ መሥሪያ ቤቱ የጠመኔን ትልቋን ልጅ መቅጠሩን ሰማሁ። የመሬት ቅያሽ ተምራ የጨረሰች፣ ዓይኗ የሰላ ልጅ ናት። ሰኞ ዕለት ለትውውቅ ስትመጣ ሪፖርቱን አንብባው ነበር። “አጎቴ፣ አባቴ ተቻኩሎ ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “ታዲያ ለምን እንደዚያ ተጻፈ?” አለች። ይህኛውን እርስዎ ቢመልሱላት ይሻላል ብዬ ወደ ቢሮዎ ልኬያታለሁ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። እርስዎ ወደ ቢሮዎ እስኪመለሱ ትጠብቃለች።